መርዶውን ያስቆመችው መምህርት

ዘምዘም ሞተች የሚለውን ያነበብኩት ስልኬ ላይ ነው። ደሴ ልጄ ቤት በረንዳ ላይ ተቀምጬ የጠዋት ፀሐይ ስሞቅ፣ የሐይቅ ከተማ ሰው የሚከታተለው አንድ የቴሌግራም ገጽ ፎቶዋን ለጥፎ አየሁ። ዳር ዳሩን በጥቁር መስመር አጥረውታል፣ ከግርጌው ጽጌረዳ አስቀምጠዋል። «ተወዳጇ መምህርታችን ዘምዘም ይመር ወደ አኼራ ሄዳለች» ይላል። ከሥሩ «ኢና ሊላሂ» የሚለውም «ነፍስ ይማር» የሚለውም ተሰልፏል።

አላለቀስኩም። እንባ ነጥፎብኝ አይደለም፤ እኔ በሰው ሠርግ ላይ እንኳ የማለቅስ ሰው ነኝ። እንዳላለቅስ ያደረገችኝ ራሷ ዘምዘም ናት። ሐይቅ አንድ ትምህርት ቤት አብረን ስናስተምር፣ ስልክ ያወራውን ይዞ የሚሮጥ ሰው ባየች ቁጥር ሦስት ጣቶቿን ታነሳና አንድ በአንድ ታጥፋቸው ነበር። «ማን አየ? ማን ከፈነ? ማን ቀበረ?» ትላለች። «እናንተ ክርስቲያኖቹ ገነዘ በሉት ከፈለጋችሁ፤ መልሱን ብቻ አምጡልኝ።»

ስለዚህ ደወልኩ። የራሷ ስልክ ዝግ ነው። ሐያት ወደምትባለው የድሮ ተማሪያችን ደወልኩ፤ እሷም አትገኝም። ደግሜ ደወልኩ፤ ያችው የማትታክት ሴትዮ «የደወሉላቸውን ደንበኛ አሁን ማግኘት አይችሉም» ትለኛለች። የሐይቅ ኔትወርክ ጠፍቶ ነበር፤ ሲጠፋ ደግሞ መቼ እንደሚመለስ የሚነግር የለም። ልጄ ከውስጥ ብቅ አለችና «አባዬ፣ ይሄ ሁሉ ሰው ነፍስ ይማር ብሎ አንተ ምን ትጠብቃለህ?» አለችኝ።

«ሺህ ሰው አንድ ወሬ ቢደግመው ያው አንድ ወሬ ነው» አልኳት። ይችም የዘምዘም ናት።

ልጄ ራሷን ነቅንቃ ገባች። እኔ ስልኩን ጭኔ ላይ አድርጌ መስመሩ እስኪከፈት ስለ ዘምዘም ሳስብ ዋልኩ። አሁን «ነበረች» እያልኩ እጽፋለሁ፤ ያን ዕለት ግን በልቤ «ናት» እያልኩ ነበር።

ዘምዘም የአይሲቲ መምህርት ነበረች። ቁመቷ መለል ያለ፣ ሰውነቷ ቀጭን፣ ሻሿን ከግንባሯ ዝቅ አድርጋ የምታስር። ቤተሰቧ አምባሰል፣ ከውጫሌ ወጣ ብሎ ገጠር ነው፤ ሐይቅ ውስጥ የኖረችው አንዲት ክፍል ተከራይታ ብቻዋን ነው። ስትጨነቅ የሻሿን ጫፍ በጥርሷ ትይዛለች። ጫፉ ሁልጊዜ እርጥብ ነበር ብል ብዙም አላጋነንኩ። ስልኳን ጠረጴዛ ላይ ስታስቀምጥ በሆዱ ታስተኛዋለች፤ «ፊቱን ካየሁት ይጠራኛል» ትላለች።

እኔ የጂኦግራፊ አስተማሪ ነኝ፤ የወረቀት ካርታ ሰው። ከእሷ ጋር መከራከር ደስ ይለኝ ነበርና አንድ ቀን መምህራን ክፍል ውስጥ «አንቺ ኮምፒውተር የምታስተምሪ ሳይሆን ኮምፒውተር የምትፈሪ ነሽ» አልኳት።

«የማይፈራ ሰው መኪና እንዲነዳ ይፈቀድለታል እንዴ፣ ጋሽ መኮንን?» አለችኝ።

ልጆቹ ኤአይ የሚሉትን ነገር በየስልካቸው መጠቀም የጀመሩ ጊዜ አብዛኞቻችን የቤት ሥራ መስጠት ትተን ማለቃቀስ ጀምረን ነበር። ሁሉም ተማሪ በአንድ ሌሊት ደራሲ ሆነብን። ዳይሬክተሩ ስልክ ይከልከል አሉ፤ እኔም አጨበጨብኩ። ዘምዘም ግን ተነስታ «ከከለከልናቸው ከእኛ ተደብቀው ይማሩታል፤ ያን ጊዜ አስተማሪያቸው እሱው ራሱ ይሆናል» አለች። ከዚያ በሳምንት አንድ ክፍለ ጊዜ ለምና ወሰደች። በፕሮግራሙ ላይ ቦታ ስለሌለ የኔን ክፍለ ጊዜ ተሻማችኝ፤ እኔም ምን እንደምትሠራ ልሰልል ከኋላ እቀመጥ ነበር።

የመጀመሪያው ቀን ስለ አርዲቦ ሐይቅ ጠይቁት አለቻቸው። ጠየቁት። በጥሩ አማርኛ፣ በሙሉ ልብ መለሰ። ሐይቁ መካከል ላይ ሁለቱን ዳር የሚያገናኝ ረጅም ድልድይ አለ፣ ቱሪስቶች በላዩ ይንሸራሸራሉ አለ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ከመካከላቸው ቤታቸው አርዲቦ ዳር የሆነ ልጆች አሉ፤ ወንበሩን እየደበደቡ ሳቁ። እኔም ከኋላ ሆኜ እንባዬ እስኪመጣ ሳቅኩ። ዘምዘም ብቻ አልሳቀችም።

«ስለምታውቁት ሐይቅ ስለዋሸ ሳቃችሁ» አለች። «ስለማታውቁት ሐይቅ ሲነግራችሁስ ማን ይስቃል?»

ሳቁ ቀስ እያለ ጠፋ። አንዲት ልጅ እጇን አውጥታ «ታዲያ ቲቸር፣ አንጠይቀው?» አለች። «ጠይቂው እንጂ! እኔም እጠይቀዋለሁ። ግን አርዲቦን ያላየ ሰው የነገረሽ መሆኑን እያወቅሽ ስሚው። አፍ እንጂ ዓይን የለውም።»

ሌላ ጊዜ አንድ ድርጅት ዓይን ላይ የሚታሰር የቪአር መነጽር ለጥቂት ቀናት አዋሰን። መነጽሩን ያሰረ ሰው ግሸን ተራራ መንገድ ላይ ራሱን ያገኘዋል፤ ወደ ቀኝ ቢዞር ገደል፣ ወደ ግራ ቢዞር ነጭ የለበሰ ተሳላሚ። ልጆቹ እየተጋፉ አሰሩት። አንዱ ገደሉን አይቶ የጓደኛውን አንገት አነቀ። ዘምዘም እያንዳንዱ ልጅ መነጽሩን ሲያወልቅ አንድ ነገር ብቻ ትጠይቃለች፦ «ያላሳየህ ምንድነው?»

መጀመሪያ አልገባቸውም። ቀስ በቀስ ግን መምጣት ጀመረ። አንዱ ጥሙን አለ፤ አንዷ የላጣትን ጫማ አለች፤ አንዱ መንገዱ ዳር የተደረደሩት ለማኞች የሉም አለ። በመጨረሻ አንድ ዝምተኛ ልጅ፣ የግሸን በዓል በመጣ ቁጥር ከእናቱ ጋር ለተሳላሚው ውሃ የሚሸጥ የአምባሰል እስላም ልጅ፣ መነጽሩን አውልቆ «እኔን አላሳየኝም» አለ። «እኛ ውሃ የምንሸጥበት ቦታ ላይ ማንም የለም።»

ዘምዘም ጀርባዋን ሰጥታ ሰሌዳ ላይ መጻፍ ጀመረች። የጻፈችው ነገር ግን አልነበረም፤ ጠመኔውን ብቻ ነበር የያዘችው።

እነዚያን ሦስት ጥያቄዎች ከየት እንዳመጣቻቸው አንድ ቀን ወደ ገበያው በኩል አብረን ስንወርድ ነገረችኝ። አባቷ በሰፈራቸው መርዶ ነጋሪ ነበሩ። እኛ አገር መርዶ ማንም አፉን ከፍቶ የሚናገረው ነገር አይደለም። ሰው ሩቅ አገር ሲሞት ዘመድ ተማክሮ፣ ከሱብሂ ሶላት በኋላ ማልዶ፣ ደጋፊ የሚሆን ሰው ከብቦ፣ የሚነገርበት ወግ አለው። ክርስቲያኑም እስላሙም ያው ነው። ቃሉን የሚያወጣው ሰው ተመርጦ ነው፤ የሳቸው ድምፅ ለስላሳ ስለነበር እሳቸውን ይመርጧቸው ነበር።

«በደርግ ጊዜ የጎረቤታችን ልጅ ዘመቻ ሄደ» አለችኝ። «ጓደኛው የእጅ ሰዓቱን ይዞ መጣ። አባቴ ሰዓቱን አዩና ለሚስቱ መርዶውን ነገሯት። ሚስትየው አለቀሰች፣ ዒዳዋን፣ የኀዘን ጊዜዋን ጨረሰች፣ ባል አገባች። ከዚያ ሰውየው በእግሩ መጣ።»

«ከዚያስ?»

«ከደጁ ቆሞ ግቢውን አየና ተመለሰ። ወዴት እንደሄደ እስከ ዛሬ የሚያውቅ የለም። አባቴ ‹ሰዓቱን አይቼ ሰውየውን ያየሁ መሰለኝ› ይሉ ነበር። ከዚያ ወዲያ ማን አየ፣ ማን ከፈነ፣ ማን ቀበረ ሳይሉ ለመርዶ ከቤታቸው አልወጡም። እጃቸው ላይም ሰዓት አላሰሩም።»

ይህን ስትነግረኝ ጥሩ ታሪክ ነው ብዬ አለፍኩት። ቁም ነገሩ የገባኝ የሁሴን ነገር የመጣ ጊዜ ነው።

ሁሴን የሐያት ታላቅ ወንድም ነው። ሐያት ያኔ የእኛ ተማሪ ነበረች፤ ጎበዝ፣ ነገረኛ፣ የፊት ወንበር ልጅ። ሁሴን ደግሞ ትምህርቱን አቋርጦ በጅቡቲ በኩል ወደ ዐረብ አገር ተነስቶ ነበር። እንደሚሻገር ደውሎ ከተናገረ በኋላ ድምፁ ጠፋ። ከሐይቅ ልጁን ያልሸኘ ቤት ጥቂት ነውና ስልክ የሚጠብቁ እናቶችን እናውቃለን። ስልኩ ሲጮህ ይደነግጣሉ፣ ካልጮኸ ይበልጥ ይደነግጣሉ።

አንድ ሰኞ ጠዋት ሐያት የኮምፒውተር ክፍሉን በር በርግዳ ገባች። እኔ እንደልማዴ ከኋላ ተቀምጫለሁ። መናገር አልቻለችም፤ ስልኳን ለዘምዘም ሰጠቻት። ጀልባ ተገልብጦ የአካባቢያችን ልጆች አለቁ የሚል ወሬ ነው፤ ከወሬው ጋር ፎቶ አለ። አሸዋ ላይ በጀርባው የተኛ ወጣት፣ ዓይኑ የተከደነ፣ ከንፈሩ የጠቆረ። ከሥሩ የሁሴን ስም ከነአባቱ ተጽፏል። ፊቱም የሁሴን ነው። እኔም አስተምሬዋለሁ፤ ቅንድቡን የሰነጠቀው ጠባሳ ሳይቀር የሱ ነው።

«ነገ ጠዋት ለእማዬ ሊነግሯት ነው» አለች ሐያት ትንፋሿን ስታገኝ። «አጎቴ ሰው ጠርቷል። እሷ ምንም አታውቅም። ጎመን እየቀነጠሰች ነው የተውኳት።»

ዘምዘም ፎቶውን ደጋግማ አየችው። ሐያትን አጠገቧ አስቀመጠቻትና «ልጄ፣ ክፍሉ ይየው? እምቢ ካልሽ እዚሁ በኔና በአንቺ መካከል ይቀራል» አለቻት። ሐያት ራሷን ነቀነቀች፤ ይዩት ማለቷ ነው። ፎቶውን በትልቁ ስክሪን ላይ አወጡት። ዘምዘም «ማልቀሱን እናቆየውና እንየው» አለች፤ ድምፅዋ ግን እሷም ልታለቅስ የደረሰች ሰው ድምፅ ነበር።

ያየችው ሐያት ራሷ ናት። «ጠባሳው!» ብላ ተነሳች። «ጠባሳው በቀኝ ቅንድቡ ነው! እኔ ነኝ በድንጋይ የመታሁት፣ አውቀዋለሁ! ይሄ በግራ ነው ያለው!»

አንድ ልጅ ቀበል አድርጎ የሁሴንን የፌስቡክ ፎቶ አወጣ። ሁሴን ራሱን በራሱ ያነሳው ፎቶ ነው፤ ስልኩ ደግሞ እንደ መስተዋት ቀኙን ወደ ግራ ገልብጦታል። ጠባሳው እዚያም በግራ ነው። ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀመጧቸው። የአንገቱ ዝንባሌ አንድ ነው፤ ግንባሩ ላይ የወረደችው ፀጉር አንድ ናት። አንድ ከሰው ኀዘን ተከታይ መሰብሰብ የለመደ ሰው ከፌስቡክ የሕያው ፊት ወስዶ፣ በኤአይ ዓይኑን አስከድኖ አሸዋ ላይ አስተኝቶታል።

ክፍሉ በእልልታ ተናወጠ። «ውሸት ነው! አልሞተም!» እያሉ ሐያትን ተሸከሟት። እኔም ከመቀመጫዬ ተነስቼ ሳጨበጭብ ዘምዘም ጠረጴዛውን በመዳፏ መታችው።

«ቁጭ በሉ!»

እንዲያ ስትጮህ ሰምተናት አናውቅም። ሁሉም ተቀመጠ።

«ፎቶው ተሠርቷል ካላችሁ ልክ ናችሁ። አልሞተም ያለው ማነው? ማን አየው? እስቲ ያየው እጁን ያውጣ።»

አንድም እጅ አልወጣም። የሐያት ፊት እንደገና ሲጨልም አየሁና ተናደድኩ። ስንወጣ «ጨካኝ ነሽ፤ ለአንድ ሰዓት እንኳ ደስ ቢላት ምን አለበት?» አልኳት።

«ደስ የሚል ወሬም ወሬ ነው፣ ጋሼ» አለችኝ የሻሿን ጫፍ እያኘከች። «አሁን አጎቷ ዘንድ ይምጡ፤ እኔ ሴት ነኝ፣ ለእነሱ ልጅም ነኝ። ሽማግሌ ይሁኑኝ።»

ከሰዓት በኋላ አያ ይማም ዘንድ ሄድን። የሐያት አጎት ናቸው፤ የሟች ወንድማቸውን ቤት አባት ሆነው የያዙ፣ ገበያ ላይ ጨርቅ የሚሸጡ የተከበሩ ሰው። ግቢያቸው ውስጥ የሰፈሩ ትልልቅ ሰዎች ተቀምጠዋል። ማን ከእናትየው በስተቀኝ እንደሚሆን፣ ማን እንደሚይዛት ሳይቀር ተነጋግረው ጨርሰዋል። ዘምዘም ሁሉንም ሳትቸኩል አስረዳቻቸው። አያ ይማም ሰምተው ሲጨርሱ ዓይናቸው ቀላ።

«ባሕር የበላውን ልጃችንን አንቺ በጠባሳ ታስነሺው?» አሉ። «ያለ ዱዓ ይቅር? ያለ ሰደቃ ይቅር?»

«አያ ይማም፣ አልሞተም አላልኩም። ሞቷልም አላልኩም። አላውቅም ነው ያልኩ። አንቱስ ያውቃሉ? ማን አየው?»

አያ ይማም ወደ ሽማግሌዎቹ ዞሩ።

«ማን ከፈነው? ማን ቀበረው?»

ከሽማግሌዎቹ አንዱ ጉሮሮውን ጠረገ። ዘምዘም ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ዱዓ ለመንገደኛም ይደረጋል» አለች። «ዱዓውን አድርጉ። ሰደቃውንም አውጡ። መርዶውን ብቻ ያቆዩት፤ ሲረጋገጥ እኔ ራሴ አብሬ እመጣለሁ።»

«ሞቶስ ቢሆን?» አሉ አያ ይማም፤ አሁን ድምፃቸው ቁጣ ሳይሆን ልመና ነበር። «ይቺ እናት ለሬሳ ምሳ እያስቀመጠች ትክረም? ወንጀሉ በማን ላይ ነው?»

እኔ ወደ መሬት አየሁ። እንዲህ ያለ ጥያቄ ሲመጣ አዋቂ ሰው ነገሩን አድበስብሶ ያልፋል። ዘምዘም ግን አላለፈችውም።

«በኔ ይሁን» አለች።

በማግሥቱ በእናትየው በእቴ ፋጡማ ቤት ለመንገደኛው ዱዓ ተደረገ። ያን ዕለት ያየሁትን ያህል የሚያስጨንቅ ነገር አላየሁም። ቤቱ ሞልቷል፤ ሁሉም ሰው አንድ ነገር ያውቃል፤ እሷ ብቻ አታውቅም። እቴ ፋጡማ ፊቷ በርቶ ከአንዱ ወዳንዱ ትላለች። «የሰፈሩ ሰው ሁሉ ለኔ ልጅ! አላህ ይስጥልኝ!» ሴቶቹ ሻሻቸውን ዓይናቸው ላይ ሲያደርጉ ደግሞ እሷው ታጽናናቸዋለች። «ምነው ታለቅሳላችሁ? ሠርቶ ሊመጣ እኮ ነው የሄደ። አብሽሩ!»

ከዚያ በኋላ ወራት አለፉ። ወሬ የለም። ሰዉ በዘምዘም ላይ ማጉረምረም ጀመረ። «መርዶ ያሰረች» የሚል ስም አወጡላት። ገበያ ላይ ሰላምታ የነሷት ነበሩ። ከሁሉ የከፋው ግን ዓርብ ነበር። እቴ ፋጡማ በየዓርቡ የልጇን ድርሻ ለብቻ ታስቀምጥና በደጅ የሚያልፍ ሰው ጠርታ ታበላለች፤ ባለድርሻው በሄደበት ማዕድ እንዳይነፈግ ብላ። የዘምዘም መንገድ በዚያ ነው። አንዳንዴ ዙራ ለመሄድ አሰበች፤ ሕሊናዋ እምቢ አላት። እቴ ፋጡማ እጇን ይዛ ታስገባታለች፣ የሁሴንን ድርሻ ፊቷ ታቀርብላታለች።

«ጉሮሮዬ ላይ ይቀራል፣ ጋሽ መኮንን» አለችኝ አንድ ቀን። በጣም ከስታ ነበር። «ታጎርሰኛለች እኮ። ‹ብይ ልጄ፣ ለሱ እንዲደርሰው› ትለኛለች። ሞቶ ከሆነ እኔ ምን እየበላሁ ነው?»

«አላህ ያውቃል» አልኳት። ክርስቲያን ሆኜ ስለሷ ስል በሷው አፍ ተናገርኩ። ፈገግ አለች፤ ከዚያ ደግሞ የሻሿን ጫፍ ነከሰችው።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሐያት ቁና ቁና እየተነፈሰች መጣች። ሁሴን ደወለ! ታስሮ ነበር፣ የሰው ስልክ ለምኖ ነው፣ አሁን ተመልሶ ይደውላል። ተያይዘን ሮጥን። ስንደርስ ስልኩ እንደገና ጮኸ፤ እቴ ፋጡማ ገና «ሃሎ» ሳትል እንባዋ ወረደ። በድምፅ ማጉያው የመጣው ያለ ጥርጥር የሁሴን ድምፅ ነው። አያ ይማም «አልሃምዱሊላህ!» ብለው ሱጁድ ወረዱ። ዘምዘም ግን ፊቷ አመድ መስሎ ወደ እናትየው ጆሮ ጠጋ አለች።

«እቴ ፋጡማ፣ ይቅር በይኝ። አሁን የሰው ድምፅም በኤአይ ይሠራል።»

አያ ይማም ከመሬት ቀና ብለው «አንቺ ሴት ምን ዓይነት ፍጥረት ነሽ!» ብለው ጮኹ። ሐቁን ለመናገር እኔም ያንኑ ልል ነበር። እቴ ፋጡማ ግን ያን ያህል አልከፋትም። መርዶ ታስሮባት መክረሟን ማን እንደነገራት አላውቅም፤ ከፊቷ ግን ታውቅ እንደነበር ገባኝ። ምናልባት ከዱዓው ቀን ጀምሮ። እንባዋን በእጅጌዋ ጠርጋ ስልኩን አጥብቃ ያዘችው።

«አንተ፣ የሄድክ ለት ጠዋት ምን ደበቅሁብህ?»

ዘምዘም ዓይኗን ጨፈነች።

«ጫማዬን» አለ ድምፁ። «እንዳልሄድ ብለሽ ጫማዬን ደበቅሽው። የጎረቤት ሸበጥ አድርጌ ወጣሁ።»

«የት ደበቅሁት?»

«እሱን በየት ልወቀው እማዬ፣ አላገኘሁትማ!»

እቴ ፋጡማ ስልኩን ለሐያት ወርውራ ወደ ጓዳ ገባች፤ ከማሽላው ጆንያ ውስጥ እጇን እስከ ብብቷ ሰዳ ጫማውን አወጣችና ደረቷ ላይ አድርጋ እየጮኸች ተቀመጠች። የጫማውን ነገር ለማንም ነግራ አታውቅም፤ ከዚያም ወዲህ ከቤቱ ሰው፣ ከእኔና ከዘምዘም አልወጣም።

ዘምዘምን ከቤቱ ጀርባ፣ የማገዶው ክምር አጠገብ አገኘኋት። ብቻዋን ተቀምጣለች።

«ደስ አላለሽም እንዴ?»

«ደስ ብሎኛል፣ ወላሂ። ግን ጋሽ መኮንን፣ ሞቶም ቢሆን ኖሮ እኮ ልክ ነበርኩ። ያን ጊዜ ማን ያምነኝ ነበር?»

እኔ አምንሽ ነበር ልላት ፈለግኩ። ማመኔን ግን እርግጠኛ አልነበርኩም፤ ስለዚህ አጠገቧ ተቀመጥኩ።

ሁሴን ውሎ አድሮ አገሩ ገባ፤ ባጃጅ መንዳት ጀመረ። እኔ ጡረታ ወጥቼ ደሴ መጣሁ። ዘምዘም እዚያው ቀረች፤ አልፎ አልፎ ትደውልልኛለች፣ ደህና ነኝ ስላት «ማን አየ?» ትለኛለች።

እንዲህ እያሰብኩ ዋልኩ። ከሰዓት በኋላ፣ ፀሐዩ በረንዳውን ለቆ ሲሄድ፣ እንደገና ብሞክር የሐያት ስልክ ጠራ። ገና በመጀመሪያው ጥሪ አነሳችው።

«ቲቸር» አለችኝ። «መደወልዎን አውቄ ስልኩን ከእጄ አላወረድኩም። መብራቱም ኔትወርኩም ጠፍቶ ነው። ይጠይቁኝ።»

«ማን አየ?» አልኳት።

«እኔ። ደም ግፊት ነው ያሉ። ሐኪም ቤት እጄ ላይ ናት ያረፈች።»

«ማን ከፈናት?»

«ያጠበቻት፣ የከፈነቻት እማዬ ናት። ወንድሞቿ ከአምባሰል ሲደርሱ አልቆ ነበር። ‹ልጄ ናት፣ ለሌላ አልሰጥም› አለች።»

ሦስተኛውን መጠየቅ አልፈለግኩም። ሐያት ራሷ «እኛ ሴቶቹ መቃብር አልሄድንም፤ የሄደውን ላገናኝዎ» አለች። ስልኩ ከእጅ ወደ እጅ ሲያልፍ ተሰማኝ።

«ቲቸር፣ እኔ ነኝ» አለ የወንድ ድምፅ። «ጀናዛዋን ተሸክሜያታለሁ። አፈር አልብሻታለሁ።»

የሁሴን ድምፅ ነው። ግን ድምፅም ይሠራል። ስልኩን በሁለት እጄ ይዤ፣ እንዲሳሳት በሙሉ ልቤ እየተመኘሁ ጠየቅኩት።

«እናትህ ምንህን ነበር የደበቀችው?»

ሲያለቅስ ሰማሁት።

«ጫማዬን» አለኝ።

ያን ጊዜ ለዘምዘም አለቀስኩላት።